ያለ አሳታሚ የራሳችንን የጥናት ጆርናል ማውጣት እንችላለን ወይ?

የደጋው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁም።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ፎክሎር አስተምራለሁ። እኔና ሦስት ባልደረቦቼ በአማርኛ የሚወጣ የጥናት ጆርናል ለመጀመር አስበናል። አንባቢ ሳይከፍል የሚያነበው፣ ጸሐፊም ሳይከፍል የሚያወጣበት። ሙሾ፣ ቃል ግጥም፣ የእርቅ ሥርዓት፣ የቦታ ስሞች፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ላይ።

ለምን እንደተነሳን ልንገራችሁ። ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ገጠር ወርደው አስለቃሾችን፣ ሽማግሌዎችን፣ አዝማሪዎችን ይቀዳሉ። ጥሩ ጥሩ የማስተርስ ጥናት ይሠራሉ። ከዚያ ጥናቱ ይጠረዝና ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ካቻምና ክረምት አንዲት አስለቃሽ "ያኔ የቀዳችሁት ነገር የት ደረሰ?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እናታችን አሁን በሕይወት የሉም።

አሳታሚ ጠይቀን ነበር። ለአንድ ቁጥር የጠራልን ዋጋ ከአራታችን የወር ደመወዝ ድምር ይበልጣል። የዩኒቨርሲቲው ጆርናል ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሙሾን በእንግሊዝኛ መተንተን ይቻላል። የአስለቃሿ ልጅ ግን አታነበውም።

እስቲ እነዚህን መልሱልኝ። በምን ሶፍትዌር ነው የሚሠራው? አይኤስኤስኤንና ዲኦአይ (የጆርናሉ መለያ ቁጥርና የእያንዳንዱ ጽሑፍ ቋሚ መለያ ቁጥር) እንዴት ይገኛል? ምን ያህል ያስወጣል? ደግሞስ አሳታሚ በሌለው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ለማዕረግ እድገት ይያዛል ወይ? በተግባር ያደረገው ሰው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።


አዘጋጇ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ታላቅህ ሳልሆን አልቀርም፤ አንተ ብዬ ልጻፍልህ።

ይቻላል። እኛ ከ2009 ዓ.ም. ጀምረን እያወጣን ነው። የአካባቢ ታሪክ ላይ ነው የምንሠራው። በዓመት ሁለት ቁጥር፣ በየቁጥሩ አምስት ወይ ስድስት ጽሑፍ። አሳታሚ የለንም፣ ቢሮም የለንም። አምስት ሰዎች ነን፤ ሦስታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ሃምቡርግ።

ሶፍትዌሩ ጋ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን በ2013 ዓ.ም. የደረሰብንን ልንገርህ፤ ከዚህ በታች የምልህ አብዛኛው ከእሱ የመጣ ነው።

የድረ ገጻችንን ዶሜይን (የአድራሻውን ስም) የሚከፍልልን አሜሪካ ያለ የአንዱ ባልደረባችን የአክስት ልጅ ነበር። እዚህ ሆነን በዶላር የምንከፍልበት ካርድ አልነበረንም። ልጁ በየዓመቱ ሂሳቡ ከካርዱ በራሱ እንዲቆረጥ አደረገና ረሳው። ከዚያ ባንኩ ካርዱን ቀየረለት፤ ክፍያው ሳይሄድ ቀረ። ማስጠንቀቂያው ሁሉ የሚላከው ደግሞ ጆርናሉን አብሮን በመሠረተ አንድ ልጅ የግል ኢሜይል ነው። እሱ ለፒኤችዲ ከአገር ወጥቶ ያንን ኢሜይል መክፈት ትቷል። እኛ ስንሰማ ጊዜው አልፏል። ስሙን የስፖርት ውርርድ ገጽ ወስዶታል።

የሰማነውም እንዲህ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ደወሉልኝ። በሕይወታቸው ያሳተሙት የመጀመሪያ ጥናት እኛ ጋ የወጣው ነበር። ለልጅ ልጃቸው ሊያሳዩት ስልክ ላይ ሲከፍቱ የውርርድ ገጽ መጣባቸው። "ልጄ፣ ጽሑፌን ምን አደረጋችሁት?" አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያተረፈን አንድ ነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የምናወጣውን እያንዳንዱን ጽሑፍ ዜኖዶ ላይም እንጭን ነበር። ዜኖዶ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ተቋም ሰርን የሚያስተዳድረው ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተከፈተው። ለምትጭነው ጽሑፍ ሁሉ ዲኦአይ ይሰጥሃል፤ አትከፍልም። ስለዚህ የ2011 እና የ2012 ጽሑፎች በዲኦአይ ቁጥራቸው ሲፈለጉ ይከፈቱ ነበር። ከዚያ በፊት የወጡትን ሃያ ምናምን ጽሑፎች፣ ፋይላቸው እኔ ኮምፒውተር ላይ ስለነበረ፣ አዲስ ዶሜይን ገዝተን መልሰን ጫንናቸው። ሰዎች በግርጌ ማስታወሻ የጠቀሱት የድሮው አድራሻ ግን ዛሬም ወደ ውርርድ ገጹ ነው የሚወስደው። አንዴ መጽሐፍ ላይ የታተመን አድራሻ ምን ታደርገዋለህ?

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2019 ድረስ ብቻ 174 ክፍት ጆርናሎች ከኢንተርኔት ጠፍተዋል ይላል። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እያንዳንዱ ጆርናል ጀርባ እንደ መምህሩ ያሉ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አራታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ነገር ተነጋገሩ። ከመሃላችሁ አንዱ ነገ ቢታመም ወይ ውጭ ቢሄድ ጆርናሉን ማን ይከፍተዋል? እኛ አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ኢሜይሉ የጆርናሉ ነው፣ የማንም የግል አይደለም። ፓስዎርዱን ሦስት ሰው ያውቀዋል። ዶሜይን እስከ አሥር ዓመት ድረስ በአንድ ጊዜ መክፈል ይቻላል፤ እኛም ከፍለን ገላገልነው። ምን የት እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚታደስ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት በየቤታችን አለ።

ወደ ሶፍትዌሩ ልምጣ። ኦጄኤስ ይባላል፤ ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ማለት ነው። የካናዳው ፐብሊክ ኖሌጅ ፕሮጀክት ነው የሠራው፤ በነጻ ይወርዳል። ጽሑፍ መቀበል፣ ለገምጋሚ መላክ፣ ማረም፣ ማውጣት ሁሉም እዚያው ነው የሚሠራው። የአገራችን የዩኒቨርሲቲ ጆርናሎችም ብዙዎቹ በእሱ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የሚያውቀው ሰው አታጣም።

አይኤስኤስኤን ስምንት አሃዝ ያለው የመለያ ቁጥር ነው። በወረቀትም በኢንተርኔትም ከወጣችሁ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። የጆርናሉን ስም ከለወጣችሁ እንደገና አዲስ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ስሙ ላይ ቀድማችሁ ተማከሩበት። እኛ ያመለከትነው የጆርናሉ የመጀመሪያ እትም ድረ ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ቁጥር የጥራት ማረጋገጫ ያደርገዋል፤ እንደዚያ አይደለም። አጭበርባሪ ጆርናሎችም ያወጡታል።

ዲኦአይ ክሮስሬፍ ከሚባለው መዝጋቢ ድርጅት ይገኛል። ድሮ ዓመታዊ መዋጮው ለእኛ አይቀመስም ነበር፤ ዜኖዶ የሄድነውም ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ግን ክሮስሬፍ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የአባልነቱንም የምዝገባውንም ክፍያ አንስቷል። ኢትዮጵያም አለችበት። እኛ ከዚያ ወዲህ በቀጥታ አባል ነን። ግዴታው የጽሑፉ አድራሻ ሲቀየር ሄዶ ማስተካከል ነው። አድራሻውን ካስተካከልክ ዶሜይንህ ቢጠፋም ቁጥሩ ወደ አዲሱ ቤት ይወስዳል። ይህንን በ2009 ብናውቀው ኖሮ!

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ፤ ፊደሉን።

ብዙ ጸሐፊ ጽሑፉን በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፎ ይልክልሃል። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይልም። ፒዲኤፉን ከፍተህ አንድ መስመር ኮፒ አድርግና ሌላ ቦታ ለጥፈው። የሚወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ጎግልም የሚያየው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ፈልጎ የሚያገኘው ግን የለም። የእኛ የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች እንዲህ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ሰበብ የለንም። ዛሬ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ቀይረን በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት እናወጣለን። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። መቀየሪያው ፊደል ይበላል። አንድ የሙሾ ስንኝ ውስጥ አንድ ፊደል ቢጎድል ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ አንተ ታውቃለህ።

ሌላው ሆሄው ነው። አንዱ "ጸሎት" ይላል፣ ሌላው "ፀሎት"። አንዱ "ሠርግ"፣ ሌላው "ሰርግ"። ኮምፒውተር ሁለቱን አንድ ቃል ነው ብሎ አያውቅም። እኛ ቁልፍ ቃላት ሲሞሉ ሁለቱንም አጻጻፍ እናስገባለን፤ ርዕሱንና አጠቃሎውን ደግሞ በእንግሊዝኛም እናወጣለን።

ስምም አለ። ዓለም አቀፉ ፎርም ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ዝም ብለህ ከሞላኸው ጽሑፉን የለፋችበት ልጅ ሆና የሚጠቀሰው አባቷ ነው። ኦጄኤስ የቤተሰብ ስም ሳጥኑ ባዶ ቢቀር አይቆጣም፤ ስለዚህ ሙሉ ስሟን የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ እናስገባዋለን። ወደ ክሮስሬፍ ከመሄዱ በፊት ግን አንድ በአንድ እናየዋለን፤ እዚያ የቤተሰብ ስም ቦታው ባዶ መሆን አይችልም።

ዘመን አቆጣጠሩንም አትርሳ። በኅዳር 2018 ያወጣኸው ቁጥር በፈረንጅ 2025 ነው፤ በሰኔ 2018 ያወጣኸው ደግሞ 2026። አንድ ቅጽ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል፤ የሚጠቅስህም ይምታታበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱንም ጻፍ።

ወጪው? ዶሜይንና ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኪራይ) ተደምሮ ለእኛ በዓመት ከ100 ዶላር አይበልጥም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ገበያ ላይ ሳይለቀቅ በፊት ዶላሩ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው 100 ዶላር ዛሬ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኖብናል። ለአምስት እንካፈለዋለን።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ገምጋሚ ማግኘት ነው። ኢሜይል ልከህ ሁለት ወር ትጠብቃለህ። እኔ ኢሜይሉን ከላክሁ በኋላ እደውላለሁ። ስለ ጽሑፉ ሁለት ደቂቃ እነግራቸዋለሁ፣ ቀን እንዲቆርጡልኝ እጠይቃለሁ። ሰው በድምፁ ቃል ከገባ ይጠብቀዋል። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ በቴሌግራም አስታውሳለሁ። አበል አንከፍልም። ግምገማው ሲያልቅ ግን በጆርናሉ ማኅተም የምስጋና ደብዳቤ እንልካለን፤ መምህራን ለሥራ ምዘናቸው ያያይዙታል። ይህችን ደብዳቤ ሳታዘገይ ላክ።


የድሮ ኮሚቴ፦

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እህታችን ስለ ማዕረጉ አልነኩትምና እኔ ልናገር።

አዲስ፣ ተቋም የሌለው ጆርናል ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አይያዝም። የሚታየው ጆርናሉ በትምህርት ሚኒስቴር ተገምግሞ እውቅና አግኝቷል ወይ፣ ወይም ስኮፐስን በመሰሉ ማውጫዎች ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ነው። ስኮፐስ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል። ርዕስና አጠቃሎ በእንግሊዝኛ፣ ዋቢ ጽሑፎች ደግሞ በላቲን ፊደል ካልተጻፉ አይቀበልም። ለአማርኛ ጆርናል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገና ረዳት ፕሮፌሰር ሊሆን የሚሮጥ ልጅ ምርጥ ጽሑፉን ሰጥቷችሁ ባዶ እጁን ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ አራት ጓደኛሞች አንድ ላይ ጆርናል ሲያወጡ መጀመሪያ የሚታተመው የማን ጽሑፍ ነው? የራሳቸው። የክፍት ጆርናሎች ማውጫው ዲኦኤጄ በዚህ ላይ ገደብ አስቀምጧል። በአንድ ቁጥር ውስጥ አዘጋጆች፣ የቦርድ አባላት ወይም ገምጋሚዎች ያሉበት ጽሑፍ ከ25 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከስድስት ጽሑፍ አንድ ማለት ነው። አራታችሁም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መሆናችሁም ጥያቄ ያስነሳል።

እኔ ብሆን የሙያ ማኅበር ጥላ ሥር እገባለሁ። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናሉን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እያወጣ ነው። ስንት አዘጋጅ ተቀያየረ፤ ጆርናሉ ግን አለ። ሰዎች ይሄዳሉ፣ ማኅበር ይቀራል።


አዘጋጇ፦

ጋሼ፣ ስለ ማዕረጉ ያሉት እውነት ነው፤ ሳልነካው ማለፌ ጥፋት ነው። እኛ ጽሑፍ ሲመጣልን ገና ከመጀመሪያው ለጸሐፊው በግልጽ እንጽፋለን፤ "ጆርናላችን በዩኒቨርሲቲዎ ለእድገት ላይያዝ ይችላል፣ ቀድመው ይጠይቁ" ብለን። አንዳንዱ ይወስደዋል፤ ይመረቅልን ብለን እንሸኘዋለን። የሚቀሩት ብዙዎቹ ማዕረጋቸውን የጨረሱ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያሉ ናቸው። የወረዳ ባህል ቢሮ ሠራተኛ፣ የደብር አስተዳዳሪ፣ ጡረተኛ መምህር። እነዚህ ሰዎች ሌላ በር የላቸውም። ለእኔ ጆርናሉ ያለው ለእነሱ ነው።

25 በመቶውንም ልክ ብለዋል። እኛ እንዲያውም የመጀመሪያውን ዓመት የአዘጋጆችን ጽሑፍ ጨርሶ አላወጣንም። የደጋው መምህር፣ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ እመክራለሁ። ዲኦኤጄ ለማመልከት አንድ ዓመት መሥራት ወይም ቢያንስ አሥር ጽሑፍ ማውጣት አለባችሁ፤ ከዚያም በዓመት ከአምስት ጥናት ማነስ የለበትም። ማመልከቻው ነጻ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ አዘጋጅ ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ ተቋም ፈልጉ።

በማኅበሩ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ስሙ የማን ነው የሚሆነው? እ.ኤ.አ. በ2015 ሊንጉዋ የሚባለው የሥነ ልሳን ጆርናል አዘጋጆች በሙሉ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ክፍት እንዲሆን ፈልገው ከአሳታሚው ከኤልሴቪየር ጋር አልተስማሙም። ስሙ የአሳታሚው ስለነበረ ጥለውት ወጡና በ2016 ግሎሳ ብለው አዲስ ጀመሩ። እነዚያ ስመ ጥር ሰዎች ስለነበሩ ጸሐፊውም ገምጋሚውም ተከተላቸው። እኛን ማን ይከተለናል? ማኅበር ጋ ከገባችሁ ስሙ፣ ዶሜይኑና የድሮ ጽሑፎች የማን እንደሆኑ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ገና ሲጀመር፣ ሁሉም ሲዋደድ ነው ይህ የሚደረገው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ከሜሪላንድ። ሰርቨር ላይ ነው የምሠራው፤ ለሁለት የአገር ቤት ጆርናሎች ኦጄኤስ ጭኜ እያየሁላቸው ነው። ቴክኒኩን ብቻ ልጨምር።

አንደኛ ነገር፣ ኦጄኤስ ሲጫን የጽሑፍ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ይጠይቃል። ይህ ፎልደር ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ውስጡ ያስቀምጠዋል። ያኔ ያልታተመ ጽሑፍ፣ የገምጋሚ አስተያየት፣ ሁሉም አድራሻውን ላወቀ ሰው ክፍት ይሆናል። አንድ ጆርናል ላይ የገምጋሚዎች ስም እንዲህ ሲወጣ አይቻለሁ።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ አሻሽሉ። ያረጀ ኦጄኤስ እየፈለጉ የሚሰብሩ አሉ፤ ጽሑፋችሁ መሃል የቁማር ማስታወቂያ ይሰገስጉበታል። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠውን ቨርዥን ምረጡ። ምዝገባው ላይ ሰው መሆንን የሚያረጋግጥ ነገር አድርጉበት፤ አለዚያ በሳምንት ሺህ የውሸት ተመዝጋቢ ይመጣል።

ባክአፕ ሲባል ዳታቤዙ ብቻ አይደለም። ዳታቤዙ፣ የጽሑፍ ፎልደሩ፣ የምስሎቹ ፎልደርና የኮንፊግ ፋይሉ። አራቱም። አንዱ ቅጂ እዚያው ሰርቨር ላይ ቢሆን ምንም አይጠቅምም። በወር አንድ ቀን አውርዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑት፤ መነሳቱን በዓይናችሁ እዩ።

ኢሜይላችሁ ገምጋሚዎች ጋ ስፓም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት ዶሜይኑ ላይ ስላልተሞሉ ነው። ሆስቲንግ ድርጅቱ በአሥር ደቂቃ ያስተካክልላችኋል። እህታችን የሚደውሉት ምናልባት በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው፣ ኦጄኤስን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የማቆያ መረብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ነው። አይኤስኤስኤን ካላችሁና ቢያንስ አንድ ቁጥር ካወጣችሁ ያለ ክፍያ ትገባላችሁ፤ ከሴቲንጉ ነው የሚበራው። ጽሑፋችሁን በተለያዩ አገሮች ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ በቅጂ ያስቀምጣል። ጆርናላችሁ ቢቆም ቅጂው ለአንባቢ ይከፈታል። እህታችን፣ እርስዎም ካላበሩት ዛሬውኑ ያብሩት።

ደግሞ ካርድ የምናውሰው እኛ ውጭ ያለነው ሰዎች ጉዳዩን በቁም ነገር መያዝ አለብን። እኔ የሁለቱንም ዶሜይን አሥር አሥር ዓመት ከፍዬዋለሁ። የሚያልቅበትን ቀን ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ።


የደጋው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የመምህሩን ታሪክ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ከመሃላችን አንዱ ዶሜይኑን በራሱ ስም ገዝቶት ነበር፤ ዛሬ የጆርናሉን ኢሜይል ከፍተን አዛወርነው።

ጋሼ ያሉትንም ተነጋግረንበታል። የመጀመሪያውን ዓመት የራሳችንን አናወጣም። ከጅማና ከመቀሌ ሁለት ሰው ጠይቀናል፤ አንዷ እሺ ብላለች።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የአይኤስኤስኤኑ ማመልከቻ ላይ "አሳታሚ" የሚል ቦታ አለ። እኛ አሳታሚ የለንም። ምን ልጻፍ? ሌላው ፈቃዱ ነው። ሲሲ ባይ የሚባለውን፣ ማንም ስማችንን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት የሚፈቅደውን፣ ልንመርጥ ነበር። ግን ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሙሾ የእኛ አይደለም። የእኛ ያልሆነውን እንዴት እንፈቅዳለን?


አዘጋጇ፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የስብስባችሁን ስም ጻፉ፤ "የእገሌ ጆርናል አዘጋጅ ቡድን" ብላችሁ፣ ከከተማችሁ ጋር። አሳታሚ ማለት ለሚወጣው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ ነው፤ እዚህ እናንተ ናችሁ። ድረ ገጹ ላይም ያንኑ ስም፣ ሳታዛንፉ፣ የአዘጋጆቹን ሙሉ ስምና የሥራ ቦታ ጨምራችሁ አውጡት። ክሮስሬፍም ዲኦኤጄም ያንን ነው የሚያዩት።

ሁለተኛውን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሲሲ ባይ የጸሐፊውን ትንተና ይሸፍናል። የአስለቃሿን ቃል ግን ጸሐፊው ሊሰጠው አይችልም። እኛ ከሽማግሌ ቃል ወይም ከቤተሰብ ፎቶ ጋር የሚመጣ ጽሑፍ ሲገጥመን፣ ያ ክፍል በፈቃዱ ውስጥ እንደማይገባ እዚያው ከሥሩ እንጽፋለን፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቀበሌና የተቀዳበትን ቀን ጨምረን። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ከሆነ እንተወዋለን። የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ ይነበብላቸዋል፣ መስማማታቸውም በድምፅ ይቀዳል። ቅጹን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፤ ለእናንተ እንዲመች አድርጋችሁ ቀይሩት። ተማሪዎቹ ከዚህ ክረምት ጀምረው ይዘውት ይውረዱ፤ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ተመልሶ ፈቃድ መጠየቅ እንደማይሆን አንተው አይተኸዋል።

የእኚያን እናት ሙሾ የቀዳው ተማሪ ጥናቱን ወደ ጽሑፍ እንዲቀይረው ብትጠይቀው ምን ይመስልሃል? በመጀመሪያው ቁጥር ይውጣ። በፓወር ግዕዝ ከሆነ የተጻፈው ፋይሉን ላክልኝ፤ ቀይሬ ፊደል በፊደል አነበዋለሁ።